ጣራዋ የሚከፈት መኪና

«በስልሳ ዓመቷ ጣራ የሌላት መኪና ልትገዛ ነበር አሉ» ብለው አክስቱ ለጎረቤታቸው ሲያንሾካሹኩ፣ መካኒኩ ሁለት ወንበር አንጠልጥሎ ከኋላቸው ቆሞ ነበር። የአክስቱ ሹክሹክታ የሌላውን ሰው ጩኸት ያህላል። በረንዳው ላይ የተቀመጡት ለቀስተኞች በሙሉ ሰሙ፤ እንዳልሰማ ሰው ሆነውም ሻያቸውን አማሰሉ።

«ጣራ አላት፤ ይከፈታል እንጂ» አለ መካኒኩ ወንበሮቹን እያስቀመጠ።

«የሚከፈት ጣራ ምኑ ጣራ ነው?» አሉ አክስቱ፣ ምንም ሳይደነግጡ።

እህቱ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። እሑድ ጠዋት ከመኝታዋ ሳትነሳ ቀረች። ልብ ነው አሉ ሐኪሞቹ። ሕመም አልነበራት፣ ሰው አላስቸገረች፣ እንደ ኖረችው ድምፅ ሳታሰማ ሄደች። ቤቷ ግን ካረፈች ወዲህ ባዶ ሆኖ አያውቅም። አርባ ዓመት የራጅ ባለሙያ ነበረች። በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ ጨረር የሚከለክለውን ከባድ የእርሳስ ሽርጥ ታጥቃ የከተማውን ሰው አጥንት ፎቶ ስታነሳ ኖራለች። ለቅሶ ከመጣው ሰው ግማሹ በእጇ ያለፈ ነው።

«እኔ ክንዴ ተሰብሮ ነበር» አሉ ጥግ ላይ የተቀመጡት ፖስተኛ። «‹አይተንፍሱ› አሉኝ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ቆምኩ። ቆየብኝ፤ ረሱኝ መሰለኝ። ኋላ ከመስታወቱ ጀርባ ሆነው ‹አሁን ይተንፍሱ ጌታዬ፣ አየር እንደሆነ በነፃ ነው› አሉኝ። በዚያ ሁሉ ሥቃይ መሐል ሳቅሁ።»

ሰዎቹ ፈገግ አሉ። መካኒኩም ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ግን ጉንጩ ላይ ብዙ አልቆየም። ሆዱ ውስጥ የተቀመጠች አንዲት ቃል ነበረችው። ለማንም አልነገራትም።

ከሰዓት በኋላ ቡናማ ኮት የለበሱ፣ ጥቁር መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ የበሩን ደፍ በእግራቸው እየዳበሱ ገቡ። ማንም አያውቃቸውም።

«ወንድሟ፣ መካኒኩ፣ የትኛው ነው?»

«እኔ ነኝ አባቴ። እዚህ ይቀመጡ።»

«እግዚአብሔር ያጥናህ ልጄ። ጡረታ የወጣሁ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ያቺ ቀይ መኪና የእኔ ናት።»

አክስቱ ጆሯቸውን ቀሰሩ።

«ለሌላ ሰው አልሰጠኋትም» አሉ ሐኪሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቅዳሜ ጠዋት ከተመቸህ ቤት ብቅ በል። የምነግርህ ነገር አለኝ፤ በዚህ ሁሉ ሰው መሐል የሚነገር አይደለም።»

አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጡና ግድግዳውን ተደግፈው ወጡ። በሩ ከመዘጋቱ አክስቱ፣ «ለሙት መኪና ሊሸጥ የመጣ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» አሉ።

መካኒኩ ግን ጋራዡ ትዝ አለው።

ጡረታ በወጣች በሁለተኛው ወር፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ እህቱ ከጋዜጣ የተቆረጠች ቁራጭ ወረቀት ይዛ መጥታ ነበር። እሱ አንድ የጭነት መኪና ሥር ተኝቶ ነበር። ጫማዋን አይቶ አወቃት።

«ውጣ እስቲ። የምታይልኝ መኪና አለች።»

ወረቀቷን አነበበ። ባለ ሁለት ወንበር፣ ስፖርት፣ ጣራዋ የሚከፈት፣ ሃያ ዓመት ያገለገለች። እጁ ግሪስ በግሪስ ሆኖ እስኪያስለው ሳቀ።

«እትዬ፣ ይቺ እኮ የጎረምሳ መኪና ናት።»

እሷ አልሳቀችም። «ጎረምሳ ሳልሆን አለፈኝ» አለች። «አርባ ዓመት ምድር ቤት ሠራሁ። ጠዋት ስገባ ጨለማ፣ ማታ ስወጣ ጨለማ። አሁን ደግሞ በታክሲ ስሄድ ጣራ፣ ቤት ስገባ ጣራ። ከላዬ ምንም ሳይኖር መሄድ አማረኝ። ይኸው ነው።»

አብረው ሄደው አዩዋት። የመኪናዋ ባለቤት ያን ዕለት ዓይናቸውን ሊታከሙ ወጥተው ስለነበር በሩን የከፈተችላቸው የቤት ሠራተኛቸው ናት። መካኒኩ ሸራውን ሲገልጠው፣ እውነት ለመናገር፣ እሱም አፉን ከፈተ። ጠቆር ያለ ቀይ፣ አፍንጫዋ ረጅም፣ ቁጭ ብላ ለመዝለል ያሰበች ድመት የምትመስል መኪና ነበረች። ግን ሥራው ሥራ ነው። ኮፈኑን ከፈተ፣ በክሪክ አንሥቶ ሆዷን አየ፣ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞረባት።

«ሞተሯ ጤነኛ ነው» አለ ሲመለስ። «ሁለተኛው ማርሽ ግን ያጓራል። የጣራው ሸራ ደርቋል፤ ዝናብ ከመጣ እንደ ወንፊት ነው። ሆዷን ዝገት ጀምሯታል። መለወጫ ዕቃዋ አገር ምድሩን ቢዞሩ አይገኝም።»

«እሺ፣ ሌላስ?»

«ሌላማ፣ አንድ ጆንያ ሽንኩርት መጫን አትችዪም። ሰውም ያወራል።»

«ሰውን ተወው። ሰው የአጥንቱን ፎቶ ሳሳየውም ‹ይሄ የእኔ አይደለም› ይላል።» በሩን ከፍታ ጨርቅ እንደምትገዛ ሴት የወንበሩን ቆዳ በጣቷ ዳበሰች። ከዚያ ቀና ብላ አየችው። «እንግዲህ አንተ ነህ የምታውቀው። ልግዛት ወይስ ልተዋት?»

እሱ ትንሽ አሰበና፣ «ይቆይ» አላት። «የማርሹን ዕቃ እስካፈላልግ፣ ክረምቱም ይውጣ። ይቆይ እትዬ።»

«እሺ፣ ይቆይ» አለች።

ለማንም ያልነገራት ቃል ያቺ ናት። «ይቆይ» ማለት የእህቱ ልማድ እንጂ የእሱ አልነበረም። እናታቸው ስትሞት እሱ ዘጠኝ፣ እሷ አሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። መምህርት ልትሆን ተመዝግባ ሳለ ሦስት ዓመት የሚፈጀውን ትታ በዘጠኝ ወር የሚያልቀውን የራጅ ትምህርት ያዘች። «የእሱ ሆድ ሦስት ዓመት አይጠብቅም» ብላ ለአክስታቸው ነገረቻቸው፣ እየሳቀች። መማሩ ይቆይ። ኋላም አንድ መልካም ሰው ሲጠይቃት፣ ልጁ ራሱን እስኪችል ይቆይ አለች፤ ሰውየው ሁለት ዓመት ቆይቶ ሌላ አገባ። መካኒኩ በአሥራ አምስት ዓመቱ ከትምህርት ቤት እየጠፋ ጋራዥ መዋል ሲጀምር፣ ፈልጋ አገኘችው። ከእግር እስከ ራሱ ዘይት ነበር። አልተቆጣችም። አንድ በርሜል ላይ ቁጭ ብላ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሠራ አየችው። በማግስቱ በልኩ ቱታ ገዝታ መጣች። አክስቱ «ተምረሽ ያሳደግሽው ልጅ ግሪስ ሲልስ አያሳፍርሽም?» ቢሏት፣ «እኔም ውስጡን አይቼ ነው የምናገረው፣ እሱም ውስጡን አይቶ ነው። ሥራችን አንድ ነው» አለቻቸው። ይህን ነገር አክስቱ ራሳቸው ናቸው የነገሩት፣ ተሸንፌአለሁ ብለው።

እንግዲህ ያቺ ሴት በስልሳ ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሷ አንድ ነገር ሲያምራት፣ ይቆይ ያላት እሱ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የጥርስ ሐኪሙ ዘንድ ሲሄድ አክስቱ ሳይጠሩ ተከተሉት። «ብቻህን ብትሄድ አሳዝነው ይሸጡልሃል» አሉ። መንገድ ላይ መኪናውን ቀይ መብራት ሲይዘው፣ ያችን ቃል ለአክስቱ አወጣላቸው። ለምን ለእሳቸው እንደነገራቸው አላወቀም። 

«አንተ ባትላት እኔ እላት ነበር» አሉ አክስቱ መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞረው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ቆይ ብሎ የተሳሳተ መካኒክ የለም። ንዳ።»

ሐኪሙ ግቢያቸው ውስጥ፣ መኪናዋ አጠገብ ወንበር አውጥተው ተቀምጠው ነበር። ሸራው ተገልጧል። ጣራው ተከፍቷል።

«መጣህ ልጄ? ከማን ጋር ነህ?»

«ከአክስቴ ጋር።»

«መልካም። ልነግርህ ያልኩት ይህ ነው። እህትህ አንተ መኪናዋን ካየሃት በኋላ በሳምንቱ ቅዳሜ ብቻዋን መጣች። ‹ወንድሜ ይቆይ ብሎኛል፤ በመኪና ነገር ተሳስቶ አያውቅም፤ እስከዚያው ግን ብሞክራት ቅር ይልዎታል?› አለችኝ። እኔ ዓይኔ ከደከመ ሦስት ዓመት ሆኖኛል፤ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ከዚህ በር የምወጣው ለሐኪም ብቻ ነበር። ሞክሪያት አልኳት። ‹እርስዎም ይግቡ እንጂ፣ ሰው ሰረቀች ይለኛል› አለች።»

መካኒኩ ቆሞ ነበር። አንድ ድንጋይ አገኘና ተቀመጠ።

«ሰባት ቅዳሜ ወሰደችኝ። ከከተማው ውጭ እስካለው ሐይቅ ድረስ። እኔ የማየው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው፤ እሷ ትነግረኛለች። አሁን ዛፍ አለ፣ አሁን ሁለት አህያ ተጣልተዋል፣ አሁን ሰማዩ እንዲህ ነው። ሁለተኛው ማርሽ ጋ ስትደርስ ‹ወንድሜ እዚህች ጋ ያማታል ብሏል› ብላ ቀስ አድርጋ ነበር የምታስገባው። አንድ ቀንም አላጓራባትም።»

«ዝናብ ቢመጣስ?» አሉ አክስቱ። አላስቻላቸውም።

«መጣ እንጂ፣ እመቤቴ። አንድ ቀን እስክንመለስ በሰበስን። እንደዚያ ስቄ አላውቅም።»

አክስቱ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልለየም።

«ያለፈው ሳምንት ቅዳሜስ?» አለ መካኒኩ።  በማግስቱ እሑድ ጠዋት ነው ያረፈችው።

«መጥታ ነበር። ውሳኔዋን ነገረችኝ። ‹አልገዛትም› አለች። ‹መዘንኩት፣ አወጣሁ አወረድኩት። ከገዛኋት ማጠብ አለ፣ መሸፈን አለ፣ ከሌባ መጠበቅ አለ፣ እርስዎም ብቻዎን ይቀራሉ። እዚሁ ትሁን። ወንድሜ ይቆይ ማለቱ በጀኝ፤ ያኔውኑ ገዝቻት ቢሆን ኖሮ ብቻዬን ነበር የምነዳት።› እንዲህ ነው ያለችው። ይህን ሳትሰማ እንዳትቀር ብዬ ነው ልጄ የመጣሁት። ልሸጥልህ አይደለም፤ ላመሰግን ነው። እሷን እንኳ በቅጡ ሳላመሰግናት ነው የቀረሁት። ቤተሰቦቿ እናንተ ናችሁና ለእናንተ ልበል።»

መካኒኩ እጁን ዘርግቶ የሐኪሙን እጅ ያዘ፤ ሽማግሌው ሌላውን እጃቸውን ከላይ ጨመሩበት። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሲያጽናናው «አሜን» ሲል የከረመ ሰው፣ አሁን ነበር እንባው የመጣለት። ሲያለቅስ ግን ደረቱ ቀለለው። ሰባት ቅዳሜ። ለአርባ ዓመት ሰባት ቅዳሜ ትንሽ ነው፤ ሆኖም ማንም አልሰጣት፣ ማንም አልከለከላት፤ ራሷ ነች የወሰደችው። «ተመስገን» አለ በልቡ። ከዚያ በአፉም አለው።

አክስቱ የመኪናዋን ጎን በእጃቸው እየነኩ አንድ ጊዜ ዞሯት። «ቆንጆ ናት» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። «ቀይነቷ ትንሽ በዛ እንጂ።»

«ሞተሯ ሳምንቱን ሙሉ አልተነሣም» አሉ ሐኪሙ። «ባትሪዋ ሳይደክም አንድ ጊዜ ብታዞራት? እኔም እገባለሁ፤ ልማድ ሆኖብኛል።» ቁልፉን ከኮታቸው ኪስ አወጡ።

መካኒኩ ሐኪሙን ደግፎ በወዲያኛው በር አስገባቸው። አክስቱ ወንበር የለም ተብለው ደጁን ሊከፍቱ ሄዱ። እሱ ዞሮ በሹፌሩ በኩል ገባ። ሲቀመጥ ጉልበቶቹ ከመሪው ጋር ተጋጩ፤ ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ተስቧል። እህቱ አጭር ነበረች፤ እግሯ ፍሪሲዮኑ ፔዳል ላይ የሚደርሰው እንደዚህ ስትሆን ብቻ ነው። ሰላሳ አምስት ዓመት የሰው መኪና ውስጥ ሲገባ እጁ መጀመሪያ የሚሄደው ወንበሩ ሥር ወዳለው ማንሻ ነው። ዛሬም ሄደ። ብረቱን ያዘው። ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ለቀቀው።

አክስቱ ከደጁ ሆነው ያዩታል። «ምን እንደ ዶሮ ተኮራመትክ? ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበው እንጂ» አሉት።

«ይመቸኛል አክስቴ» አለ መካኒኩ፤ ጉልበቱን ወደ ጎን አጥፎ ሞተሩን አስነሣ።