ከኋላ የተቆጠረው ቤት

አንዳንዱን ነገር አዛብቼ አስታውስ ይሆናል። የበሮቹን ቀለም ግን አልስትም፤ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቡናማ ነበር። በየክፍሉ ፊት ለፊት ግድግዳ ላይ እነዚሁ ሁለት በሮች ጎን ለጎን ነበሩ። በእነሱ ያለፈ ሰው ወደ ኋላ አይመለስም፤ ከልክ በላይ ያለፈ ደግሞ አይኖርም።

ቤቱን የተከራየው የሒሳብ ትምህርት ክፍላችን ነው፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች ቢሮ እንዲሆን። አከራይዋ ጠባዩን አልደበቁንም። አዳራሹ ውስጥ መግባት ካለመንቀሳቀስ እንደማይለይ፣ ከዚያ በገቡበት መውጣት እንደሚቻል ነገሩን። ከአዳራሹ በአረንጓዴው በር ያለፈ አረንጓዴው ክፍል ይገባል፣ በቡናማው ያለፈ ቡናማው ክፍል። ከአረንጓዴው ክፍል እንደገና በአረንጓዴው በር ያለፈ የኋለኛው ክፍል ይደርሳል። የኋለኛው ክፍል መስኮት አለው፤ በመስኮቱ ወደ ጓሮ ይወረዳል። መስኮቱን ትቶ እዚያ ካሉት በሮች በአንዱ የሄደ ግን የለም። አማካሪያችን ዶክተር አሥራደ «ይሞታል ማለትዎ ነው?» ብለው ሲጠይቋቸው አከራይዋ የሞተማ ሬሳ ይኖረው ነበር አሉ። ቡናማውን ክፍል ብዙም እንደማያውቁት፣ ዕቃ ማስቀመጫ እንደነበር ጨመሩ።

ዶክተር አሥራደ አልተገረሙም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያጠኑት እንዲህ ያሉ ትናንሽ አልጀብራዎችን ነው፤ በውስጣቸው ያለው ነገር ሲባዛ ሲባዛ በመጨረሻ ዜሮ የሚሆንባቸውን። ቅደም ተከተል ለውጥ አያመጣም። መጀመሪያ በአረንጓዴው ቀጥሎ በቡናማው መሄድና መጀመሪያ በቡናማው ቀጥሎ በአረንጓዴው መሄድ አንድ ቦታ ያደርሳሉ። ከእነዚህ ውስጥ የሚታመኑት ሲሜትሪ ያላቸው፣ ከፊትም ከኋላም ሲቆጠሩ አንድ ዓይነት ቁጥር የሚሰጡት ናቸው ይሉን ነበር። ሲሜትሪ ባለው ቤት ውስጥ ሰው የትኛውም ክፍል ቢገባ ወደ መጨረሻው ክፍል የሚያደርሰው መንገድ አያጣም።

ቤቱ ሲሜትሪ እንዳለው እንዳረጋግጥ የታዘዝኩት እኔ ነኝ፤ ጠንቃቃ ነህ ተብዬ። አብራኝ የምትማረው ይመኙሻል፣ ግዛው በር ይቆልፋል፣ መቆለፉን ያረጋግጣል፣ ከዚያ ማረጋገጡን ለማረጋገጥ ከታክሲ ይወርዳል እያለች ትቀልድብኝ ነበር። ክፍሎቹን ቆጠርኩ። መጀመሪያ አንድ አዳራሽ፣ ቀጥሎ ሁለት ክፍሎች፣ በመጨረሻ አንድ ክፍል። አንድ፣ ሁለት፣ አንድ። ከመጨረሻው ስጀምርም አንድ፣ ሁለት፣ አንድ። በአረንጓዴው መንገድ ራሴ ሄጄ በመስኮቱ ወረድኩ። የቡናማውን መንገድ አልሄድኩበትም፤ ቁጥሮቹ በቂ መሰሉኝ። ሲሜትሪ አለው ብዬ ተናገርኩ።

በማግስቱ ይመኙሻል አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብላ የተበጠሰ የቀኝ ሰንደል ጫማዋን ማሰሪያ ሰፋች። ሌላ ክር ስላልነበረ በሰማያዊ ሰፋችው። ከዚያ ቡናማውን ክፍል መረጠች፤ የኤሌክትሪክ ሶኬት ያለው እሱ ብቻ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ካንድ ወንበር በቀር ዕቃ አልነበረም፤ ወንበሩም ፊቱን ወደ ባዶው ግድግዳ አዙሯል። ማን አዞረው ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ልትወጣ ተነሳች። ቤቷ ገና ጡት ያልጣለ ልጅ አላት፤ ቀን ቀን እናቷ ይይዙላታል። እኔ አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ፤ በገባችበት ክፍት በር እንተያያለን። እጇን ወደ እኔ ስትዘረጋ እጇ ይዘረጋል፣ ግን ወደ እኔ አይመጣም። ስለዚህ በፊት ለፊት መሄድ ነበረባት። የኔን ልማድ ታውቃለችና ሰው ከማለፉ በፊት ዕቃ ይለፍ አለች። የቀኝ ጫማዋን አውልቃ ቡናማውን በር ከፈተችና ወረወረችው።

ድምፅ አልነበረም። ከበሩ ማዶ ጨለማም አልነበረም። ጫማው ደፉን ሲያልፍ አልወደቀም፤ አልነበረም፤ ያ ብቻ ነው።

«እንግዲህ አረንጓዴው ነዋ» አለች።

«ቆይ።»

«አንተ አይደለህ እንዴ ሲሜትሪ አለው ያልከው? አንዱ ካላደረሰ ሌላው ያደርሳል።»

ሐሳቧ ትክክል ነበር። የተሳሳተ ነገር ካለ ከሐሳቧ በፊት የነበረው የኔ ቃል ነው። እጇ አረንጓዴው እጀታ ላይ ነበር። እስክመለስ እንዳትነካው ለመንኳት፤ በልጄ ብለሽ ማይ አልኳት። ልጇን ስላነሳሁ ተቆጣች፤ እጇን ግን አነሳች።

ጃንጥላዬን ይዤ ወደ አረንጓዴው ክፍል ገባሁ። ቅደም ተከተል ለውጥ ካላመጣ ከዚህ በቡናማው ማለፍና ከእሷ ክፍል በአረንጓዴው ማለፍ አንድ ነው። ቡናማውን በር ከፈትኩና ጃንጥላውን እስከ ግማሹ አሳለፍኩት። ስስበው ግማሹ መጣ። የተቆረጠበት ቦታ ለስላሳ ነበር፣ ሲሠራም እዚያ ላይ ያለቀ ይመስል። በአረንጓዴው በር ወደ ኋለኛው ክፍል አለፍኩ፣ በመስኮቱ ወረድኩ፣ ዞሬ በአዳራሹ ገባሁ።

«አረንጓዴውንም አትክፈቺው» አልኳት፤ ጃንጥላውን አሳየኋት።

የተቆረጠውን ጫፍ አየችው። «እና በየት ልሂድ?»

 ስልኳ ጮኸ፤ እናቷ ነበሩ። ልጁ ጡጦ አልይዝም ብሏል፤ ለቅሶው እኔ ድረስ ይሰማል። መንገድ ተዘግቶብኝ ነው፣ መጣሁ አለቻቸው። የሸሚዟ ደረት በወተት ረጥቦ ነበር፤ በሻሿ ሸፈነችው። ከዚያ ወዲህ ስታወራ ዓይኗ ከአረንጓዴው በር ላይ አልተነሳም። ካልሆነ እሞክረዋለሁ፣ ግማሽ ጃንጥላ ማስረጃ አይደለም አለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን የምለው እኔ ነበርኩ።

ዶክተር አሥራደ ስደውልላቸው ሰፈር ውስጥ ነበሩ፤ ወዲያው መጡ። አዳራሹ መሀል ቆመው የሆነውን ሁሉ በቅደም ተከተል አስነገሩኝ።

«ከኋላም ቆጥረሃል?»

«አዎ ዶክተር። አንድ፣ ሁለት፣ አንድ።»

«ከኋላ ቆጥረህ ነው፣ ወይስ ከፊት የቆጠርከውን ገልብጠህ አንብበህ?»

 ገልብጬ እንዳነበብኩት ነገርኳቸው።

አልተቆጡም። ከኋላ ሲቆጠር የሚጀመረው በሮቹ ሁሉ ወደ ምንም ከሚወስዱበት ክፍል ነው፤ ይህን አውቃለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ። አሁን ቆጠርኩ። የኋለኛው ክፍል እንዲህ ነው። ቡናማው ክፍልም እንዲህ ነው። ከእነሱ በፊት አረንጓዴው ክፍል፤ ከእሱ በፊት አዳራሹ። ሁለት፣ አንድ፣ አንድ። ቤቱ ሲሜትሪ የለውም።

«ቡናማው ክፍል መካከለኛ አይደለም» አልኩ። «መጨረሻ ነው።»

«መጨረሻ ማለት?» አለች ይመኙሻል።

 እኔ ነገርኳት። ከዚያ ክፍል በበር የሚኬድበት ቦታ የለም፤ ቤቱ እንደዚህ እስከሆነ ድረስ አይኖርም።

ሳቀች፤ አጭር ሳቅ ነበር። «ይሄን ለእናቴ አንተ ንገርልኝ» አለች። ሻሿን አጥብቃ አሰረች። ወደ አረንጓዴው በር ሄዳ እጀታውን ያዘች፤ እጀታው ሲዞር ሰማሁ።

«የኋለኛው ክፍል መስኮት አለው» አልኩ።

ቆመች።

«እርግጠኛ አይደለሁም» አልኩ። «መጨረሻ ክፍል ሆኖ የማውቀው እሱን ብቻ ነው። መጨረሻ የሆነ ክፍል ሁሉ መስኮት አለው ለማለት አንድ ምሳሌ አይበቃም።»

«ግዛው» አለች፣ እጀታውን ሳትለቅ፣ «ይሄ ክፍል መስኮት የለውም።»

ከዚያ ዞር ብላ ወንበሩን አየች። ወንበሩ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ ነበር፣ ሰው ደጅ እያየ እንደሚቀመጥበት። እጀታውን ለቀቀች።

እኔና ዶክተር አሥራደ ከውጭ ዞረን ወደ ቤቱ ጎን ሄድን። ከውጭ ግድግዳው ድፍን ነው፤ በኖራ ተለስኖ ከአጥሩ ጋር አንድ ቀለም ተቀብቷል። ጆሮዬን አስጠጋሁ። እሷ ከውስጥ ከወንበሩ ፊት ለፊት ልታንኳኳ፣ እኔ ድምፁ የሳሳበትን ቦታ ልለይ ነበር የተስማማነው። ማንኳኳቱ ተሰማኝ፤ ቀስ ያለ፣ ያልቸኮለ። ቦታውን በኖራው ላይ በጥፍሬ ምልክት አደረግሁበት።

«በቃ፣ አግኝቼዋለሁ» ብዬ በስልክ ነገርኳት።

«ገና መች ጀመርኩ?» አለች።

ምልክቱ እንዳለ ነበር። ዶክተር አሥራደ ከመኪናቸው የጎማ መፍቻ አመጡ፤ ምልክቱ ላይ ጀመርን። ልስኑ ረገፈ፤ ከሥሩ የመስኮት ቅርጽ ያለው ብሎኬት ወጣ። የመጀመሪያው ብሎኬት ወደ ውስጥ ሲወድቅ ይመኙሻልን በቀዳዳው ውስጥ ፊቷ አቧራ ለብሶ አየኋት። እንድትርቅ ነገርናት። ቀዳዳው ትከሻዋን ሲያሳልፍ ወንበሩ ላይ ቆማ ወጣች፤ እጇን ስትዘረጋ ይህን ጊዜ መጣልኝ። የግራ ጫማዋን ብቻ ነበር ያደረገችው። አንድ እግሯ ባዶ ሆኖ እስከ ዶክተር አሥራደ መኪና ሄደች። በመንገድ ላይ ለእናቷ ደውላ ልጁን አሁን አቅፈሽ በር ላይ ጠብቂኝ አለች።

መስኮቱን ማን እንደደፈነው ማወቅ ነበረብኝ፤ እንዲህ ያለውን ነገር መተው አልችልም። አከራይዋ ግንበኛውን አቶ ደምለውን ጠቆሙኝ። ጡረታ ወጥተዋል። ሥራውን በደንብ ያስታውሱታል፤ ያኔ እኔም ይመኙሻልም አልተወለድንም። ባለቤቶቹ ሁለት መስኮት ቤቱን ያጣምመዋል፣ አንዱ ይደፈንና ይስተካከል ብለው አዘዟቸው። ከውጭ ሆነው ሲገነቡ ከውስጥ ብሎኬት የምታቀብላቸው ሴት ነበረች። የቤቱ ሠራተኛ መስላቸው ነበር። አልተናገረችም። የመጨረሻውን ብሎኬት ካቀበለቻቸው በኋላ ወንበር ስባ ፊታቸው ተቀመጠች፤ እሳቸውም ደፈኑት።

ሌላ የሚያስታውሱት ነገር ካለ ጠየቅኳቸው። አንድ እግሯ ባዶ እንደነበር ነገሩኝ። ጫማ ያደረገችበት የትኛው እግሯ እንደነበር ሁለት ጊዜ ጠየቅኳቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ ቀኙ ነው አሉ። ሰንደል ነበር፤ ማሰሪያው በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል።