ሆሴዕ ብቻ የሚያውቀው ማርሽ

ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ውስጥ ጽሕፈት ቤት ያለው የቡና አቅራቢዎች ማኅበር አንዲት ነጭ ፒክአፕ ነበረችው። ሾፌሯ ሆሴዕ ይባላል። ከሆሳዕና መጥቶ ጅማ ከከተመ ሃያ ዓመት ያለፈው፣ እሑድ እሑድ በጸሎት ቤቱ መዘምራን መካከል ወፍራሙን ድምፅ የሚይዝ፣ ደልደል ያለ ሰው ነው። በማኅበሩ የማይተካ ሰው ማነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ሳያፍር "እኔ ነኛ!" የሚል ዓይነት ነበር።

ደግሞ አልዋሸም። ፒክአፗን ከእሱ በቀር መንዳት የሚችል ሰው ጠፍቶ ነበር። የማርሽ ዘንጓ እንደ ላላ ጥርስ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። አንደኛ ማርሽ በቦታው አይገኝም። ሁለተኛን ለማስገባት ዘንጉን እስከ መቀመጫው ድረስ ስቦ፣ ትንሽ አሳርፎ፣ እንደገና ወደ ጭን መጠምዘዝ ያስፈልጋል። አምስተኛ ሲደርስ ደግሞ ጋቢና የተቀመጠው ሰው ቦታ መልቀቅ አለበት።

"አምስተኛ ላስገባ ነው" ይላል ሆሴዕ።

"ቢስሚላህ" ይላሉ ሥራ አስኪያጁ አቶ ቲጃኒ፤ ሁለት ጉልበታቸውን ሰብስበው ከበሩ ጋር ይለጠፋሉ።

ኢዮስያስ የሚባል ሾፌር አንድ ጊዜ ተቀጥሮ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ወደ ፊት ልሂድ ብሎ ወደ ኋላ ሄደና የቡና ማስጫውን አልጋ ሰብሮ ገባ። በማግስቱ ሥራውን ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ የሆሴዕ ስም ገነነ። ሦስተኛ ከማስገባቱ በፊት ከንፈሩ ስለሚንቀሳቀስ የማኅበሩ ቡና ለቃሚ ሴቶች "ጸልዮ ነው የሚያስገባው" ይሉ ጀመር። ሆሴዕ የሚቆጥረው "አንድ፣ ሁለት፣ አሁን" እያለ ነበር፤ ግን ሰው በጸሎት ካመነ ለምን ያርማል?

ኮሚቴው ጉዳዩን ሦስት ጊዜ አጀንዳ አድርጎ ተወያይቶበታል። የመጀመሪያው ስብሰባ ለሁለተኛው ቀጠሮ ያዘ። ሁለተኛው አጥኚ ቡድን አቋቋመ። ሦስተኛው የአጥኚውን ቡድን ውጤት ሰማ፤ ችግሩ የሌሎች ሾፌሮች የአመለካከት ችግር ነው የሚል ነበር። በዓመታዊው ጉባኤ ላይ ለሆሴዕ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ሆሴዕም ማይክራፎን ይዞ፣ "መኪና ጠባይ አላት፤ ጠባይዋን የሚያውቅ ነው የሚነዳት" ብሎ ተናገረ። ተጨበጨበለት።

ታዲያ ዘንድሮ ሴት ልጁ ጵርስቅላ ሆሳዕና ከተማ ተመረቀችና አምስት ቀን ፈቃድ ወሰደ። ቁልፉን ለአቶ ቲጃኒ ሲያስረክብ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እስክመለስ አትንኳት" አለ፤ ሕፃን ልጅ አደራ እንደሚሰጥ ሰው።

እሱ በሌለበት የሆነውን የሰማው ቆይቶ ነው። በሦስተኛው ቀን ቡና ገዢዎች ሰኞ ከአዲስ አበባ ይመጣሉ የሚል ስልክ ተደወለ። አቶ ቲጃኒ ተጨነቁ፤ መኪናዋን አስጎትተው ጊንጆ ጉዱሩ ወደሚገኘው የሂንድ ጋራዥ ወሰዷት። ሂንድ ጋራዡን ከአባቷ ከኦቦ ሙኒር የወረሰች፣ ብዙ የማትናገር መካኒክ ናት። መኪናዋ ሥር ገብታ፣ ወጥታ፣ እጇን በጨርቅ ጠረገች።

"ካምቢዮው ምንም አልሆነም" አለቻቸው። "የማርሽ ዘንጉ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዝበት ላይ ቡሽ አለ፤ የላስቲክ ቀለበት በሉት። አራቱም አልቀዋል።"

"በቃ ይኸው ነው?"

"ኤዬ፣ ይኸው ነው።"

ቀለበቶቹ ከቀሚስ ቁልፍ አይበልጡም። እስከ ዐሥር ሰዓት ተቀይረው አለቁ።

ሰኞ ጠዋት ሆሴዕ በአዲስ ሸሚዝ ግቢ ሲደርስ እንግዶቹ ከኋላ፣ አቶ ቲጃኒ ከፊት ተሳፍረው ይጠብቁታል። የቢሮው ሰው ሁሉ ሊሸኝ ወጥቷል። ሆሴዕ እንደ ልማዱ ክርኑን ዘርግቶ ዘንጉን ጨበጠና አንደኛ ወደሚኖርበት ሰደደው። መኪናዋ አንድ ጊዜ ተንዘፍዝፋ ጠፋች። ድጋሚ አስነሳት፤ ድጋሚ ጠፋች። የድሮው አንደኛ ይኖርበት በነበረው ቦታ አሁን ሦስተኛ ተቀምጦበታል። በሦስተኛው ሙከራ ኋላ ማርሽ አገኘና እንግዶቹን ወደ መጸዳጃ ቤቱ አቅጣጫ ይዟቸው ሄደ።

"ጋሽ ሆሴዕ፣ ደህና ነዎት?" አሉ አቶ ቲጃኒ።

"መኪናዋን ምን አደረጋችኋት?" አለ ሆሴዕ፤ ላብ አጥምቆታል።

በዚህ መሀል የመዝገብ ቤቷ ተስፋነሽ ከሸኚዎቹ መካከል ወጣች። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ሁለት ዓመት ቢሆናትም የምትነዳው አጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛው ትዞራለች። "ልሞክራት?" አለች፤ ሆሴዕ ወርዶ ቦታውን ለቀቀላት። በሁለት ጣቷ አንደኛ አስገባች፣ ሁለተኛ አስገባች፣ ከበሩ ወጥታ ወደ አጋሮ መንገድ ታጠፈች። ሆሴዕ ግቢው መሀል ቆሞ ቀረ። የሚያጨበጭብ አልነበረም፤ የሚስቅ ግን ነበር።

መኪናዋ የት እንደተሠራች ጠይቆ በቀጥታ ወደ ሂንድ ጋራዥ ሄደ።

"ሂንዴ፣ የወለቁትን ቡሾች ምን አደረግሻቸው?"

"ያው፣ ቆርቆሮው ውስጥ አሉ። ለምን ፈለጓቸው ጋሼ?"

"መልሰሽ ግጠሚልኝ።"

ሂንድ መጀመሪያ ቀልድ መሰላት። ፊቱን አይታ መፍቻውን መሬት አስቀመጠች።

"ከስምንት ዓመት በፊት አባቴ እዚሁ ጋር ቆሞ 'ኦቦ ሆሴዕ፣ ቡሾቹ እያለቁ ነው፣ በግማሽ ቀን እቀይርልሃለሁ' ብሎዎት ነበር። እኔ መፍቻ አቀብለው ነበር። ምን ብለው መለሱለት?"

ሆሴዕ መሬት መሬት አየ። "ይቆይ አልኩት።"

"ይቆይ አሉት።"

"ያን ጊዜ ሰው ገና እኔን ማድነቅ መጀመሩ ነበር" አለ ሆሴዕ፤ ሲናገረው ለራሱ ጆሮ እንኳ አስቀያሚ ሆነበት። "ይህን ለአቶ ቲጃኒ ነገርሻቸው?"

"ማን ጠየቀኝ? እሳቸው ማሻአላህ፣ ማሻአላህ እያሉ ነው የወጡት።"

ያን ምሽት እራት አልበላ አለው። ቀለበት የሚያክል ነገር ደብቆ ስንት ሰው ጉልበቱን እንዲሰበስብ እንዳደረገ፣ ምስኪኑ ኢዮስያስም በማያውቀው ጥፋት ከሥራው እንደወጣ ሲያስብ አምላኩን አፈረ። በነጋታው ኢዮስያስ ጋ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ። ኢዮስያስ አሁን ሚዛን ከተማ ውስጥ የራሱን ባጃጅ ይነዳል፤ "እኔኮ እስካሁን መኪና መንዳት የማልችል ይመስለኝ ነበር" አለ። ስልኩ ሲዘጋ ሆሴዕ ወደ አቶ ቲጃኒ ቢሮ ገባ፤ ቁጭ እንኳ ሳይል ሁሉንም ዘረገፈው።

አቶ ቲጃኒ ሰምተው ሲያበቁ ተነሥተው በሩን ዘጉ።

"ይህን ለሌላ ሰው ተናግረዋል?"

"ለኢዮስያስ ብቻ።"

"በቃ፣ እዚህ ላይ ይቁም። ስለ መኪናዋ ጥገና የጻፍነው ሪፖርት ዞን ገብቷል።" ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቅጂ ገለጡት፤ 'ማኅበሩ በራሱ አቅም የትራንስፖርት ዘርፉን አዘምኗል' ይላል። "አሁን እርስዎ ስምንት ዓመት ሙሉ የቀለበት ጉዳይ ነበር ካሉ፣ ሦስቱ ስብሰባ ምን ሊባል ነው? አጥኚው ቡድንስ? የቡድኑ ሰብሳቢኮ እኔ ነበርኩ፣ ወላሂ!"

"እኔ እኮ ጥፋቴን ልናገር ነው የመጣሁት።"

"ተናግረዋል፤ ሰማሁ። አሁን ይሂዱና ይሥሩ።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሆሴዕ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አቅቶት ወጣ። ደጅ ላይ ቆይቶ ወደ መዝገብ ቤት ሄደ። ተስፋነሽ ፋይል ስትደረድር አገኛት።

"እስቲ ነይ" አላት። "አንደኛ የት እንዳለ አሳዪኝ።"

ተስፋነሽ ልትስቅ አስባ ተወችው። በማግስቱ ሰኮሩ የሚደርስ ጭነት ነበር፤ አብረው ሊሄዱ ተስማሙ። ሲሄዱ እሷ ነዳች፣ እሱ ጋቢና ተቀምጦ እጇን እያየ። ሲመለሱ መሪውን እሱ ያዘ። ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ አጠፋት፤ ከኋላ የመጣ መኪና ጥሩምባውን ነፋበት። በሦስተኛው ዘንጉን ለቀቅ፣ ቀለል አድርጎ ገፋው፤ ጠቅ ብሎ ገባ።

"እንዲህ ነው" አለች ተስፋነሽ።

"እንዲህ ነው ለካ" አለ ሆሴዕ፣ ዳገቱንም ወጣው።