ከወንበር ያልተነሣው መንገደኛ

ልብስ ሰፊው እናቱን በዓይኑ ካያት አምስት ወር ሆኖታል። ሩቅ አገር ሆና እንዳይመስላችሁ። ከሱቁ ሁለት መንገድ ተሻግሮ፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ናት። እሷ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ አትወርድም፤ እሱ ደግሞ ገና ሁለተኛው ፎቅ ላይ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይልና ግድግዳ ተደግፎ ይመለሳል። መታመሙን እንዳትሰማ ቤተሰቡን በሙሉ አስምሏል። በስልክ «ሥራ በዝቶብኝ ነው እማዬ» ይላታል፤ በየሳምንቱ የምትጠይቃት ሚስቱም ይህንኑ ትደግማለች። እናቱ ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው። ሳላያት ትሄድብኝ ይሆን የሚለው ሐሳብ ነው የሚያንገበግበው።

ስኳር በሽታው የአሥራ አምስት ዓመት ባልንጀራው ነው። ሐኪሙ ልቡን በአልትራሳውንድ አየና «ልብዎ ደም መግፋቱን ያውቅበታል፤ ችግሩ መላላት ላይ ነው። በስኳሩ ምክንያት ደንድኗል፣ ደም ሲገባበት በደንብ አይለጠጥም» አለው። ከመድኃኒቱ ጋር በቀን ሰባት ሺህ እርምጃ ፈጠን ፈጠን ብሎ እንዲራመድ አዘዘለትና ለሆስፒታሉ የስፖርት አሠልጣኝ አስረከበው። ልጁ የምትሆን፣ ቀልድ የማታውቅ ወጣት ናት። ቁርጭምጭሚቱ ላይ እርምጃ ቆጣሪ አሰረችለትና ሰኞ ሰኞ ቁጥሩን እንዲያሳያት ነገረችው።

እንግዲህ ልብስ ሰፊ ሥራው ምንድን ነው? ከጠዋት እስከ ማታ የስፌት መኪናውን ፔዳል መርገጥ። የመጀመሪያው ቀን ማታ ቆጣሪውን ቢያየው፣ ከወንበሩ ንቅንቅ ሳይል አሥራ አንድ ሺህ ሞልቷል።

«አየሽ?» አላት ሚስቱን። «እግር ከተንቀሳቀሰ ተንቀሳቀሰ ነው። ፔዳል ይሁን መንገድ ልቤ በምን ያውቃል?»

«ሠላሳ ዓመት የረገጥከው ፔዳል ያመጣልህን ጤና አየነው» አለችው። ጆሮ ዳባ ልበስ አላት።

ሰኞ ሰኞ ማሠልጠኛው አዳራሽ ውስጥ ንጉሥ ሆነ። ሌሎቹ የስኳር ታማሚዎች ሰባት ሺህ ለመሙላት ላባቸው ጠብ ሲል፣ ሰፊው አሥራ ሦስት ሺህ ይዞ ከች ይላል። አሠልጣኟ አስጨበጨበችለት። ዕድሜውን በእግር የጨረሰው ጡረተኛ ፖስተኛ ሳይቀር ጫማውን የት እንደገዛው ጠየቀው። ሰፊውም ሳያፍር ነገረው።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ የስድስት ደቂቃ የእግር ጉዞ ፈተና መጣ። ጀግናችን በሦስተኛው ደቂቃ አግዳሚው ላይ ተዘረፈጠ። አልትራሳውንዱም ያው፣ ምንም ለውጥ የለም። ሐኪሙ ወረቀቱን ደጋግሞ አየና «ይሄን ሁሉ ተራምደው ልብዎ ካልተሻሻለ፣ እንቅስቃሴው ለእርስዎ አልሠራም ማለት ነው። ቢያቆሙት ይሻላል» አለ። እስክሪብቶውን አነሣ።

ይኼኔ አብራው የመጣችው ሚስቱ «ዶክተር፣ አይጻፉ» አለች። «ይሄ ሰውዬ መቼ ተራመደና? ሁለት ወር ሙሉ ቁጭ ብሎ ፔዳል ሲረግጥ ነው የከረመው።» አንድም ሳታስቀር ዘረገፈችው።

ፈተናውን የሰጠችው አሠልጣኟም እዚያው ነበረች፤ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። «ጋሼ፣ ሲሰፉ ያንጎራጉራሉ?» አለችው።

«አዎ፣ ሁልጊዜ።»

«እያንጎራጎሩ ከሆነ ልብዎ አልሠራም። ከእኔ ጋር ስፖርት ሲሠሩ ማውራት ይችላሉ፣ ማንጎራጎር ግን ያቅትዎታል። ልኩ እሱ ነው።» ቆጣሪውን ፈታችና ስሙን ከአዲሶቹ ተርታ ጻፈችው።

ሚስቱን ሦስት ቀን አኮረፋት። «ሚስት በገዛ ባሏ ላይ ታሳብቃለች?» አላት።

«ከምቀብርህ ባሳብቅብህ ይሻለኛል» አለችውና ራቱን አቀረበችለት። በአራተኛው ቀን ጫማውን አሰረ። ከዚያ ወዲያ ያየው አበሳ አይወራም። በሳምንት ሦስት ቀን ከቦታው የማይንቀሳቀስ የስፖርት ብስክሌት ላይ፣ በሌላው ቀን ከሚስቱ ጋር በእግር፣ ስኳሩ እንዳይወርድበት እየተለካ፣ እየተነጫነጨ አምስት ወር ለፋ። ሐኪሙ መልሶ ሲያየው ልቡ ላላ ብሏል። የጤነኛ ልብ ባይሆንም ከበፊቱ በደንብ ይሞላል። «ቀስ ብለው ፎቁን ይሞክሩት» አለው።

እሑድ ጠዋት እሱ ከፊት፣ ሚስቱ ከኋላ ሆነው ወጡ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ አረፈ። ሦስተኛው ላይም ሊያርፍ አስቦ ነበር፤ ትንፋሹ አልከዳውም፣ አለፈው። በሆዱ ተመስገን እያለ በሩን ገፋ።

እናቱ ትራስ ተደግፋ አልጋዋ ላይ ነበረች። አገላብጣ ሳመችውና እጁን ይዛ አልለቅ አለች። «ምን አስቀይሜህ ነው ልጄ?» አለችው። «ዓመት ሙሉ ባስበው፣ ባስበው ጥፋቴን ማወቅ አቃተኝ።»

ሰፊው አልጋው ሥር ተንበርክኮ አለቀሰ። ስኳሩን፣ ልቡን፣ ደረጃውን፣ የፔዳሉን ጉድ ሳይቀር ነገራት። «አንቺ ምን ታስቀይሚኛለሽ እማዬ፤ የበደልኩሽስ እኔ ነኝ» አላት። ከዚያም አንድም ቀን ብሎት የማያውቀውን፣ ሚስቱ እየሰማች እንዲህ አለ፤ «ይህችን ሴት መርቂልኝ። እሷ ባታሳብቅብኝ ኖሮ ይሄን ቅሬታ ይዘሽ ትሄጂ ነበር።»

እናቱ አንድ እጇን ወደ ምራቷ ዘረጋች። በሌላው የልጇን እጅ እንደያዘች ነው።

«ተባረኪ ልጄ» አለቻት። «ነገም ይዘሽልኝ ነይ።»