የአዳነች እህት

«አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ ይወጣልሽ» አሏት እትዬ ጸሐዬ፣ የሴቶቹ እድር ሰብሳቢ፣ አጠገቧ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጡ።

ትርሲት አላለቀሰችም። ጅቡቲ፣ አርሂባ ሰፈር ካለችው ጠባብ ክፍሏ ሰው ይወጣል፣ ሰው ይገባል፤ መብራት በሄደ ቁጥር ማራገቢያው ቀጥ ይልና ለቀስተኛው ሁሉ በላብ ይጠመቃል። ለቅሶ ቤት ውስጥ ደረቅ ዐይን ይዞ መቀመጥ ደግሞ ከባድ ነው፤ ማዶ የተቀመጡት ሴቶች ከትናንት ጀምሮ ከእሷ ላይ ዐይናቸውን አልነቀሉም።

«እህቷ አይደለችም እንዴ?» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

«ደንግጣ ነው ባክሽ። እንባም እኮ ይደርቃል።»

ትርሲት ሁሉንም ትሰማለች። መደንገጡንስ ደንግጣለች። በሩ ጋ፣ ከተከመሩት ጫማዎች አጠገብ፣ ሟቿ አዳነች ቆማለች። የሆስፒታሉን አንሶላ ተከናንባ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። የሚገባው ሰው ሁሉ ሳያያት አልፏት ይገባል።

አዳነች የትርሲት እህት አልነበረችም። ሁለቱም የባቲ ልጆች ናቸው፤ ከትርሲት ባል ከቦንሳ ጋር ሆነው ነው ወደ ጅቡቲ በእግር የተነሡት። ድንበሩን እንዳለፉ ቦንሳን ፀሐይ መታውና ወደቀ። አዳነች የቀረቻቸውን የውሃ ጀሪካን አንስታ «ሰው ጠርቼ እመለሳለሁ፣ እዚሁ ጠብቁኝ» ብላ ሄደች። ትርሲት ጠበቀች። ቦንሳ ውሃ ውሃ እንዳለ እቅፏ ውስጥ አለፈ። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ባያያት ኖሮ እሷም እዚያው ቀርታ ነበር።

ጅቡቲ ከተማ ስትገባ አዳነች ቀድማት ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ሥራ ይዛለች። ሰው ቤት ለመቀጠር ደግሞ ዋስ የሚሆን ዘመድ ያስፈልጋል፤ ዘመድ ለሌላት ሴት በሩን የሚከፍትላት የለም። አዳነች አሠሪዎቹ ፊት እጇን ይዛ «እህቴ ናት» አለች። ትርሲት ተርባ ስለነበር ዝም አለች። ያ ዝምታ ለዓመታት እንጀራ ሆናት፤ ይኸው ዛሬ ደግሞ ባለለቅሶ አደረጋት።

በነዚያ ዓመታት አባታችን ሆይ ስትደግም፣ «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ጋ ስትደርስ ትዘለዋለች። እግዜርም ሳይገባው አይቀርም እያለች ራሷን ታጽናና ነበር።

አዳነች ሆስፒታል ተኝታ ሳለ፣ ከሰዓት በኋላ ላይ እጇን ፈልጋ ያዘቻት። «ትርሲትዬ፣ ፈርቼ ነው። ይቅር በይኝ» አለቻት። እሺ ማለት ቦንሳን እንደገና መቅበር መሰላትና ትርሲት ትራሱን ብቻ አስተካከለችላት። በረሃ ላይ አስጠብቃት የቀረችውን ሴት በተራዋ አስጠበቀቻት። አዳነች መልሱን እየጠበቀች ሞተች። አሁንም በሩ ጋ ቆማ እየጠበቀች ነው።

ረፋድ ላይ ኻሊዳ መጣች፤ አዳነች እስክትታመም ድረስ የሠራችላት የሐረር ነጋዴ ሚስት ናት።

«አላህ ሶብር ይስጥሽ» ብላ ተቀመጠች። «ያቺ እህትሽ ጠዋት ጠዋት ደጃፌ ላይ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ሳታወጣ ሥራ አትጀምርም ነበር። በእግር ለሚመጣው መንገደኛ ነው ትለኛለች። ስቆጣት ታለቅሳለች፤ በኋላማ ተውኳት።»

የትርሲት ደረት ነደደ። ለቦንሳ ያልተመለሰው ውሃ ለአላፊ አግዳሚው ሲታደል ኖሯል። ቀና ብላ በሩን አየች፤ አዳነች አንገቷን ደፍታለች።

እንዲህ ሳሉ ስልኩ ጮኸ። ባቲ መርዶው ተነግሮ ነበርና የደወሉት የአዳነች እናት ናቸው። እትዬ ጸሐዬ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርገው አቀበሏት።

«ትርሲት፣ አንቺ ነሽ ልጄ?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

«ነፍሷ ስትወጣ አጠገቧ ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

አሮጊቷ በረጅሙ ተነፈሱ። «እንኳን ብቻዋን አልሆነች። ልጄን አውቃታለሁ፤ ፈሪ ናት፣ ስትፈራ የምታደርገውን አታውቅም። አስቀይማሽ እንደሆነ እኔ ልለምንሽ። ቂም ተይዞባት አትሂድብኝ።»

አዳነች ከንፈሯን ማንቀሳቀስ አቁማ ታዳምጣለች። ትርሲት ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች። ውስጧ ገና አልበረደም፤ ይቅር ብትልም ቦንሳ አይነሣም። እስኪበርድላት ብትጠብቅ ግን ዕድሜ ልኳን እዚያው በረሃ ላይ እንደምትቀመጥ ገባት።

«አስቀይማኛለች እማማ» አለች።

ሴቶቹ ተያዩ። ኻሊዳ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«በጣም አስቀይማኛለች። ይቅር ብያታለሁ። እግዜር ነፍሷን ይማር።»

በስልኩ ውስጥ የእናት ልቅሶ ፈነዳ። የትርሲትም እንባ ያን ጊዜ መጣ፤ ለቦንሳ ይሁን ለአዳነች እሷም አልለየችውም።

«ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ፣ እትዬ» አለች እንባዋን ሳትጠርግ።

እትዬ ጸሐዬ አዲስ ለቀስተኛ የገባ መስሏቸው ወዲያ ጠጋ አሉና ወደ በሩ ዞሩ፤ ማንም አልነበረም። ትርሲት መሀላቸው የተለቀቀውን ቦታ በመዳፏ ጠረግ ጠረግ አደረገችው።