የድልድዩ አራት መብራቶች

የ1977 ዓ.ም. መስከረም ሊጠባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ስምንት ትልልቅ መብራቶች ደብረ ታቦር ገቡ። የሚሰቅላቸው ሰው ሲፈለግ ከእቴነሽ በቀር አልተገኘም። ባሕር ዳር ተምራ የመጣች የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ናት። ሱሪ ታጥቃ ምሰሶ ስትወጣ የሳቀባት ሁሉ፣ አሁን ቤቱ ሲጨልምበት የሚጠራው እሷን ነው።

የበዓሉ ኃላፊ፣ ካድሬው ማሩ፣ አደባባይ ላይ በተሠራው መድረክ ፊት ቆሞ አዘዛት።

«ስምንቱንም እዚህ ስቀያቸው። ወደ ሕዝቡ አዙረሽ! ከሩቅ ይንቦግቦጉ!»

«እንደዚያ ከሆነ የሰውን ዓይን ነው የሚወጉት፣ ጓድ ማሩ። ዘፋኞቹ ጥላ ብቻ ይሆናሉ። በግራና በቀኝ አራት ይበቃሉ፤ የእያንዳንዱ ፊት ወለል ብሎ ይታያል።»

«የቀሩትስ?»

«ከገበያው በታች ላለው ድልድይ።»

በዚያ ክረምት እማማ ብዙነሽ ከገበያ ሲመለሱ መሽቶባቸው፣ የተነቀለውን ሳንቃ ሳያዩ ከድልድዩ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል።

«ድልድዩን ተይውና ያልኩሽን አድርጊ!» ብሏት ሄደ።

እሷም የመሰላትን አደረገች። ማሩ እንግዳ ሲቀበል ሲሸኝ ውሎ ዞር ብሎ አላየም። የበዓሉ ዕለት ጀንበር ስትጠልቅ መብራቱ በራ። ከኋላ የቆሙት ሳይቀሩ የዘፋኞቹን ፊት እየለዩ በስማቸው ይጠሯቸው ጀመር። ማሩ ግን መብራቶቹን ቆጠረ።

«አራቱ የታሉ?»

«ድልድዩ ላይ ናቸው።»

«አሁኑኑ አውርጂ!»

«አላወርድም።»

እዚያው ተይዛ ቀበሌ ታሰረች። በማግስቱ መብራቶቹን እንዲያወርድ የሥራ ባልደረባዋ አድማሱ ተላከ። መሰላሉን ተሸክሞ ሲደርስ እማማ ብዙነሽ በምርኩዝ መጥተው ምሰሶው ሥር ተቀምጠዋል፤ ገበያተኛ ሴቶችም ከበዋቸዋል።

«መጀመሪያ እኔን አንሣኛ፣ ልጄ» አሉት። አድማሱ አላንገራገረም፤ መሰላሉን ይዞ ተመለሰ።

በሦስተኛው ቀን እቴነሽን ስብሰባ ፊት አቆሟትና ግለ ሂስ አድርጊ አሏት። አዳራሹ ጢም ብሏል። 

«ጥፋቴ መዘግየቴ ነው» አለች። «እማማ ብዙነሽ ከመውደቃቸው በፊት ማብራት ነበረብኝ።»

ከኋላ አንዲት ሴት አጨበጨበች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ማሩ ጠረጴዛውን ቢደበድብ የሚሰማው አላገኘም።

ፈቷት። በጥቅምት ግን ወደ ሩቅ አውራጃ መዛወሯን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሳት። አንብባ ስትጨርስ አድማሱን ጠርታ፣ የድልድዩ መስመር ከየት እንደሚነሣ፣ ዝናብ ሲገባበት እንዴት እንደሚደርቅ አንድ በአንድ አሳየችው።

«እንደገና አውርድ ቢሉኝስ?» አላት።

«አላወርድም በላቸው» አለችው። «አንዴ ከአፍህ ከወጣ በኋላ ቀላል ነው።»