ምስክርነት በተዘጋ ማይክ

ዳቦ ጋጋሪው ከሌሊት ሥራው ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ጆሮ የሚሉት ወጣት ደግሞ ሸሚዝ እየለበሰ፣ መልሶ እያወለቀ፣ በጠባቧ ክፍል ውስጥ ይዞራል።

«ነጩን ልበስ» አለው ጋጋሪው። «ለሚታረድ ነጭ ያምርበታል።»

«አትቀልድ።»

«ታዲያ ልቅሶ ልቀመጥልህ? በሬ ካራጁ ይውላል ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። አንተ መዋሉ አንሶህ ቢላዋውንም ትስልለታለህ።»

ጆሮ የሚለውን ስም ያወጡለት የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ናቸው፤ አንዱ ስፒከር ሲያቃስት፣ አንዷ ዘማሪ ከዜማው ስታፈነግጥ ከሁሉም ቀድሞ የሚሰማው እሱ ስለሆነ። እሁድ እሁድ በአዳራሹ የኋላ ጫፍ የድምፅ ማስተካከያው ሚክሰር ፊት ተቀምጦ የሰባኪውን ድምፅ ያሳምራል። ሰባኪው የእናቱ ታላቅ ወንድም ነው። አጎቱ ስለ ሰዶም ሰዎች ሲሰብክ ድምፁ ወፈር፣ ሞቅ ብሎ እስከ መጨረሻው ወንበር የሚደርሰው በእህቱ ልጅ ጣቶች ነው።

ከጋጋሪው ጋር አብረው መኖር ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። ለሰው «ደባሌ ነው» ይላል። እናቱም «ደባልህ ደህና ነው?» ትለው ነበር፤ ባለፈው ወር ብርድ ልብስ ይዛለት ሳትነግረው ብቅ እስካለችበት ቀን ድረስ። ክፍሉ ውስጥ ያለው አልጋ አንድ ነው። ትራሱ ግን ሁለት ነው። ብርድ ልብሱን ወንበር ላይ አኖረች፣ ውሃ ጠጣች፣ ወጣች። በማግስቱ አጎቱ ደወለ።

ፍርዱ አጭር ነበር። ጆሮ እሁድ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ በኃጢአት ታስሮ እንደነበረና ጌታ እንደፈታው ይመሰክራል። ከጋጋሪውም ይለያል። እናቱ የጨመረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ካልመሰከርክ ደጄን እንዳትረግጥ።» ይህን ስትል ድምፏ ተሰነጠቀ። ጆሮ ድምፅ ያውቃል፤ የምሯን ነበር።

«ልትለው ነው?» አለ ጋጋሪው። ዱቄት የነካው ቅንድቡ ላይ እንቅልፍ ተጭኖበታል።

«እኔ እንጃ። እናቴ ናት እኮ።»

«ለዚህ አይደል አትሂድ ያላልኩህ። ልቀቀኝ ካልከኝ እለቅሃለሁ። ግን በሰው ፊት በሽታህ አታድርገኝ።»

ጆሮ ነጩን ሸሚዝ ለበሰ። ደረጃው መሃል ሲደርስ ቁልፉን የረሳ መስሎት ተመለሰ፤ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር።

አዳራሹ ገና አልሞላም። ጆሮ ገመድ ዘረጋ፣ ማይኮቹን አንድ በአንድ በጥፍሩ መታ መታ አደረገ፣ ደህና የነበረውን ስፒከር አዞረና መልሶ አዞረው። የመዘምራኑ አለቃ፣ ሳቋ ያለ ማይክ ጎዳና የሚሻገር ሴት፣ ከመድረክ ወርዳ አጠገቡ ቆመች።

«ምን ሆነሃል? ገመዱን እኮ እባብ አስመሰልከው።»

«ምንም።»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የሚወራውን ሰምተሃል አይደል? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ…»

«ሰምቻለሁ።»

«በል እንግዲህ፣ የሚሉህን በልና ገላግለን። አንተን ካባረሩህ ይህን ሰንዱቅ ማን ይነካዋል? እኔ እንደሆንኩ ማብሪያውን እንኳ አላውቀውም።»

አምልኮው ተጀመረ። ተዘመረ፣ ተጸለየ። አጎቱ ኮሌታው ላይ በተሰካችው ትንሽ ማይክ መስበክ ሲጀምር ጆሮ እንደ ልማዱ የአትሮንሱን ማይክ ዘጋው። ሁለቱ አብረው ከተከፈቱ አዳራሹ ያፏጫል። እጁ ይህን የሚያደርገው ዓይን እንደሚርገበገበው ነው፤ አስቦት አያውቅም። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ እናቱን ፈለጋት። በፊተኛው ወንበር፣ ግራጫ ሻርፕ ለብሳ፣ አንገቷን ሳታዞር ተቀምጣለች። እግሩ ከጠረጴዛው ሥር አላርፍ አለው። ውሃ ጠጣ።

«ዛሬ ከመካከላችን አንድ ወጣት ይመሰክራል!» አለ አጎቱ። «የሥጋ ዘመዴ ስለሆነ አልሸሽገውም። እህቴም ትውጣና ከልጇ ጎን ትቁም።»

ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ተነሳ። መተላለፊያው ረጅም ሆነበት። አንዳንዱ ፈገግ ይልለታል፣ አንዳንዱ ጉልበቱን ሰብሰብ ያደርጋል፣ እንዳይነካው ይሁን እንዲያሳልፈው አይታወቅም። እናቱ ከአትሮንሱ አጠገብ ቆማ እጆቿን ሻርፑ ውስጥ ቀብራለች። አጎቱ የኮሌታውን ማይክ አጠፋና ከኋላቸው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሲቀመጥ እንዲያጠፋት ያስተማረው ጆሮ ነው።

ጆሮ አትሮንሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«እኔ…» አለ። «በእስራት ነበርኩ…»

ድምፁ ከስፒከሮቹ አልተመለሰለትም። ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ ጥለው ሲያርፍ ለመስማት እንደሚጠብቁ ጠበቀ። ምንም የለም። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባው፤ ማይኩን የዘጋው እሱ፣ መክፈት የነበረበትም እሱ፣ እዚህ የቆመውም እሱ። ምስክርነቱን ሲያሰናዱ ሚክሰሩን ማን እንደሚይዝ ያሰበ አልነበረም። ሕዝቡ ገና ትዕግሥት አለው፤ የፈራ ሰው ድምፁ ይሰልላል ብሎ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል።

ጆሮ ወደ እናቱ ዞረ።

«እማዬ» አላት ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። «ማንም አልፈታኝም፣ አልታሰርኩማ። ሰውየውን እወደዋለሁ። ጾሜያለሁ፣ ጸልያለሁ፣ ልጅ እያለሁ አንቺ ስትተኚ ተንበርክኬ ለምኛለሁ። ይህ ነገር ከእኔ አልሄደም። ለእነሱ ሄዷል ብላቸው ግድ አልነበረኝም። ከፊቴ ያቆሙት ግን አንቺን ነው።»

እናቱ አላለቀሰችም። ሸሚዙን ነው ያየችው፣ የአንገቱን ቁልፍ።

«አይሰማም!» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«ድምፅ! ድምፅ የለም!»

ሰዉ ሁሉ አንገቱን ወደ ሚክሰሩ አዞረ። ወንበሩ ባዶ ነው። አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት፣ ሳቁም ከረድፍ ረድፍ ተላለፈ።

«ምንድነው?» አለ አጎቱ ከወንበሩ እየተነሳ። ከዓመታት የማይክ ስብከት በኋላ ባዶ ጉሮሮው ደካማ ነበር። «ማነው እዚያ ያለው?»

«ጆሮ ነዋ!» አሉ ከመዘምራኑ አንዳንዶቹ። «እሱ መድረክ ላይ ነው!»

«ሂድ ክፈተውና ተመለስ» አለው አጎቱ። «ከመጀመሪያው ትጀምራለህ።»

ጆሮ በመተላለፊያው ተመለሰ። አሁን ፈገግ የሚልለት በዝቷል፤ ሳቅ ሰውን ያለዝባል። ግራ በኩል በሩ ተከፍቶ መንገዱ ይታያል። ያንን አልፎ ሚክሰሩ ጋ ደረሰ፣ ማዳመጫውን አደረገ፣ የአትሮንሱን ማይክ ከፈተ። መጀመሪያ የሰማው ትንፋሽ ነው። የእናቱን ትንፋሽ ከሺህ ይለየዋል። ከአትሮንሱ ፊት ያለችው እሷ ብቻ ናት፣ ማይኩ መከፈቱንም አላወቀችም።

«አይመለስም፣ ወንድሜ» የሚለው ድምፅዋ አዳራሹን ሞላው።

ራሷ ደነገጠች። ወደ ኋላ ግን አላለችም።

«ተናግሯል። ሰምቼዋለሁ።»

«አሜን!» አሉ የሚበዙት፣ ምን እንደሰማች ሳያውቁ። አጨበጨቡ።

«ምን አለ?» አለ አጎቱ።

«ለእኔ ነው የነገረኝ።»

አጎቱ አፉን ከፈተ፤ የኮሌታው ማይክ ግን ጠፍቶ ነበር፣ ጭብጨባውም ዋጠው። የመዘምራኑ አለቃ አንዴ ወደ ጆሮ አየችና ያልታዘዘችውን መዝሙር አነሳች። ጆሮ ድምፅዋን ወደ ላይ ገፋው። ትንሽ አበዛው፣ ሕፃናት ጆሯቸውን ያዙ።

ሰዉ ሲወጣ አጎቱ እጁን ዘርግቶ መጣ።

«የመሣሪያ ክፍሉን ቁልፍ።»

ጆሮ ከኪሱ አወጣና ሰጠው።

«እናትህን አዋረድካት።»

«እሷን ጠይቃት።»

አጎቱ አልጠየቃትም። ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ሄደ። ጆሮ ገመድ መጠቅለል ጀመረ፤ ጥሩ ገመድ እንደ ተፈጥሮው ነው የሚጠቀለለው፣ ካጣመሙት ውስጡ ይበጠሳል። ዛሬ ግን እየተተበተበበት ደጋግሞ ፈታው። ቀና ሲል እናቱ ከሚክሰሩ ማዶ ቆማለች። እዚህ መጥታ አታውቅም። የሚክሰሩን ትናንሽ መብራቶች አየች፣ ልትነካቸው እጇን ዘረጋችና ተወችው።

«እውነትህን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

«መድኃኒት የለውም?»

«በሽታ አይደለም እማዬ።»

ከውጭ ሰው ይጠራታል።

«ዛሬ እንዳትመጣ» አለችው። «ዛሬ ልናደድበት። ነገ ና።»

«ብቻዬን?»

ሻርፗን አስተካከለች፣ ደህና የነበረውን።

«እሱ ጋ ገና አልደረስኩም። አታጣድፈኝ። ያ ብርድ ልብስ ግን ይበቃችኋል? ቀጭን ነው።»

መልሱን ሳትጠብቅ ወጣች። ጆሮ የያዘውን ገመድ እንደገና ፈታና ከጫፉ ጀመረ።