ሁለት ቀን የፈጀ ጥርስ

የጥርስ ሐኪሟ ወንድም ሴት ልጁን ይዞ ወደ እሷ የመጣው የልጅ ጥርስ ሥር የሚያክም ሌላ ሰው ስላጣ ነበር። በእናታቸው የሕመም ሰሞን ክፉ ቃል ተነጋግረው ስድስት ዓመት ተዘጋግተዋል።

የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ከደረጃ ወድቃ የፊት ጥርሷን ሰብራለች። የጥርሱ ነርቭ ሞቷል፤ ሥሩ ግን አድጎ ስላልጨረሰ ጫፉ እንደ ቱቦ ክፍት ነው።

«አክስቴ አንቺ ነሽ?» አለች ወንበሩ ላይ ተንጋልላ።

«ማን ነገረሽ?»

«አባዬ። እጇ ቀላል ነው፣ አፏ ግን አይጣል ነው አለኝ።»

«አንቺ ልጅ!» አለ አባቷ።

ልጅቷ ሳቀች። ስትስቅ አፍንጫዋን የምትሸበሽበው ቁርጥ እንደ ሟቿ አያቷ ነበር። ሐኪሟ ዓይኗን ሰበረች።

«ሁለት መንገድ አለ» አለች ወደ ወንድሟ ሳትዞር። «አንዱ ጥርሱ ውስጥ የሚሞላ፣ ከኖራ ዘር የሆነ ነጭ ቅባት ነው። በየሦስት ወሩ እየቀየርነው ጫፉ ራሱ እስኪዘጋ ዓመት ከመንፈቅ ይፈጃል።»

በየሦስት ወሩ! ስድስት ጊዜ ይህቺን አፍንጫ ታያለች፤ ስድስት ጊዜ ወንድሟ እዚያ ጥግ ይቀመጣል።

«ሁለተኛውስ?»

ቅባቱን ብትመርጥ የሚወቅሳት የለም፤ ስንት ጥርስ ያዳነ ነው። ግን ሲሰነብት ቀጭኑን ሥር ያደክመዋል። ቅባቱ ውስጡ እያለ ካንገቱ የተቀነጠሰ የልጅ ጥርስ በእጇ ይዛ ታውቃለች።

«የጥርስ ሲሚንቶ ነው» አለች በመጨረሻ። «ዛሬ አጽድቼ ጫፉን እደፍናለሁ፤ ነገ ሲጠነክር የቀረውን እሞላለሁ።»

«በቃ?»

«በቃ።»

«ያንቺ ልጅ ብትሆን የቱን ታደርጊ ነበር?»

«ሲሚንቶውን።»

በውሃ ሲለወስ እርጥብ አሸዋ ይመስላል፤ ከደረቀ ስለማይታዘዝ ማዝገም እንኳ አልቻለችም። ቁንጥር በቁንጥር እየከተተች ጠቀጠቀችው።

በማግሥቱ ያለቀው በግማሽ ሰዓት ነው።

«ክትትሉስ?» አለ ወንድሟ ኮቱን እየደረበ።

«በስድስት ወር የጥርስ ራጅ ትነሳለች። ሰፈራችሁ ያለው ክሊኒክ ይበቃል።» ሌላ ነገር እንዲል ጠበቀች።

«እሺ፣ እግዜር ይስጥልን» አለ፣ ለባዳ እንደሚባለው።

ልጅቷ በር ላይ ዞረች። «አክስቴ፣ ሌላኛውን ብሰብረውስ?»

«እንዳትሞክሪው!» ብላ ተቆጣቻት፤ ከልቧም ነበር።

ሲሄዱ ቀጣዩን በሽተኛ አልጠራችም። አሁን ያነሳችውን የጥርሱን ራጅ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ መልሳ የሚያስጠራቸው ስህተት ፈለገች። አንድም አላገኘችበትም።